አሥራ ዘጠኝ ጀልባ፣ አንድ ቋጠሮ

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 6

የጠዋት ቆጠራ። ሚስማር፦ ሦስት ሙሉ ሣጥንና አንድ የተጀመረ። ኮምፔንሳቶ፦ አሥራ አንድ። ላምባ፦ ሁለት በርሜል። ዱቄት፦ ዘጠኝ ጆንያ፤ በአንዱ አይጥ ቀድሞኛል። ገመድ፦ ወፍራሙ አራት ጥቅል፣ ቀጭኑ ሰባት። የራዲዮ ባትሪ፦ ሃያ ስድስት። ቤት ውስጥ ሰው፦ አራት። እኔ፣ ልጄ ኮራ፣ አማቴ አባባ ሌቪ፣ የባሌ እህት ኢና። ኢና ሰባተኛ ወሯን ይዛለች፤ ስለዚህ አራት ተኩል ብል ይሻላል።

ባሌ ኤርቪንና የኢና ባል ፍሎሪዳ ለኮንትራት ሥራ ከሄዱ አምስት ወር ሆናቸው። ባቄላ ይለቅማሉ። የማዕበሉ ወቅት እስኪያልፍ አይመለሱም፤ ስለዚህ ዘንድሮ ቤቱም ሱቁም ጀልባዋም በእኔ ላይ ናቸው። አልከበደኝም። ዝም ብዬ መጻፌ ነው።

የአየር ግፊት መለኪያዬ ዛሬ አልተነቃነቀም። በደሴታችን በዶቭ ኬይ ያለው መለኪያ ይህ ብቻ ነው፣ የሱቄ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው። ሰዉ «ብርጭቆው» ይለዋል። ሊገዛ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ እሱን ያያል፣ ቀጥሎ የእኔን ፊት ያያል። ይህን ጠልቼው አላውቅም።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 9

ራዲዮኑ ማዕበል መነሣቱን ተናገረ። ስሟ ሙሪየል። ብርጭቆው ከትናንት ወርዷል። ብዙ አይደለም፣ ግን ወርዷል።

ከጸሎት በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ቆሜ ያሰብኩትን ተናገርኩ። ደረጃው የደሴታችን ከፍተኛው ቦታ ነው፤ ቁመቱም ከረጅም ሰው አይበልጥም። አባባ ሌቪ ልጅ ሳሉ ባሕሩ በምሥራቅ ገብቶ በምዕራብ ወጥቷል፤ አሥራ አንድ ሰው ይዞ። ስለዚህ «በጀልባችን በሚስ ኢዲት ወደ በርንት ሂል እሻገራለሁ፤ ቦታ አለኝ፤ የሚመጣ ይምጣ» አልኩ። በርንት ሂል ትልቁ ደሴት ላይ ነው፤ በደህና ነፋስ የአራት ሰዓት መንገድ፤ ኮረብታና የድንጋይ ትምህርት ቤት አለው።

አባባ ሌቪ፣ ቤት ገብተን እስክንቀመጥ ጠበቁ። ከዚያ፣ «ጀልባዋ በማዕበል ጊዜ ቦታዋ ከደሴቷ ጀርባ በማንግሮቩ ዛፎች መሀል ነው» አሉ።

«ሰውስ አባባ?»

«ያኔ እኮ ማዕበሉ አሥራ አንድ ሰው ወሰደ። ከማዕበሉ በኋላ ያለው ረሀብ ሃያ ሰው ወሰደ። ለምን? አንድም ጀልባ አልተረፈም ነበር። የምታጠምጅበት የለ፣ ሄደሽ የምታመጪበት የለ።»

እውነታቸውን ነው። እኔም እውነቴን ነው። ጀልባዋን የሠሯት እሳቸው ናቸው፤ ስሟንም በሟች ሚስታቸው ሰይመዋታል። ቢሆንም የዘንድሮ ውሳኔ የእኔ ነው።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 10

ቸኩያለሁ። ሠላሳ አራት ሰው መጣ። ብርጭቆውን ከግድግዳ አውርጄ በብርድ ልብስ ጠቅልያለሁ። ዱቄት ሦስት፣ ውሃ ስድስት ጀሪካን፣ የኢና ትራስ። ባለ ቅርፊቱን ሎብስተር ከባሕር የሚያጠምደው ሩበን ሶየር የጀልባ ማረፊያው መድረክ ላይ ተቀምጦ እግሩን ውሃ ውስጥ እያወዛወዘ፣ «እትዬ ቨርና፣ ደሴቷንም ጠቅልለሽ ውሰጃት እንጂ!» አለኝ። ጀሪካኑን አነሣሁ። ጊዜ የለኝም።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 13

ተመለስን። ሙሪየል ወደ ሰሜን ታጥፋ ባሕር ላይ ሞተች። ዶቭ ኬይ ላይ አንድ ቅጠል አልወደቀም። ሦስት ቀን ሠላሳ አራት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ስንተኛ፣ እዚህ ፀሐይ ነበር።

ሩበን የሱቄ በረንዳ ላይ የተጠበሰ ዓሣውን ይዞ ጠበቀን። ሲያየን ብድግ ብሎ ኮፍያውን አወለቀ።

«እንኳን በሰላም መጣችሁ! ከማን ነበር የሸሻችሁት? እኛ እኮ እዚሁ ነበርን፣ ማንንም አላየንም።»

ሰዉ ሳቀ። አብረውኝ የተሻገሩት ሳይቀሩ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሱቅ ያለው ሰው ደንበኛ ሲስቅ ይስቃል።

የከፋው ሌላ ነው። በርንት ሂል መድረክ ላይ ሚስ ኢዲት ሦስት ቀን ስትጋጭ ከርማ የኋላ ሳንቃዋ ተሰንጥቋል። አባባ ሌቪ በአውራ ጣታቸው ስንጥቁን ከላይ እስከ ታች ዳበሱት። ከዚያ አዲስ ሳንቃ ሊመርጡ ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 15

ብርጭቆውን መልሼ ሰቀልኩት። ቆጠራ፦ ሚስማር አልተሸጠም። ኮምፔንሳቶ አንድ ተመለሰ፤ «አያስፈልግም አሉን» ብላ ያመጣችው ሴት ፊቴን ማየት አፍራለች።

ውሃ ጉድጓዱ ጋ ሁለት ሴቶች ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ያወሩ ነበር። «እትዬ ሽሽት ዛሬ ሱቅ ከፈተች እንዴ?» «ከፍታለች፤ ነገ ደመና ካየች ግን ትዘጋለች።»

ስም ወጣልኝ ማለት ነው። ሩበን ነው ያወጣው። በነጋዴ ላይ ስም ማውጣት የቆየ ልማድ ነው፤ ምንም ማለት አይደለም። ባልዲዬን ሞልቼ «እንደምን ዋላችሁ» ብዬ አለፍኩ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 20

አባባ ሌቪ አዲሱን ሳንቃ ገጠሙ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ እጃቸው ግን አልደከመም። ኮራ ሙጫውን እያፈላች፣ ጨርቁን እየነከረች አብራቸው ዋለች። እንጨቱን በጉልበቷ ደግፋ ስትይዝ አየኋት፣ ወዲያው ሱቅ ተመለስኩ። ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ጀልባ ስትሠራ አንዳንዱን ወንድ ታስንቃለች።

የፖስታ መርከቧ ከኤርቪን ደብዳቤ አመጣች። «አባቴ የሚሉሽን ስሚ፣ ከዚያ ግን የመሰለሽን አድርጊ፤ እስካሁን ተሳስተሽ አላውቅም» ይላል። የጻፈው ከሙሪየል በፊት ነው። ደብዳቤውን ለማንም አላነበብኩም።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 27

ቆጠራ፦ ወፍራም ገመድ አራት ጥቅል፤ አልተነካም። ቀጭኑ አምስት። ላምባ አንድ ተኩል። እንቁላል ሁለት ደርዘን፤ አንዱ ተሰንጥቋል።

ሩበን ለእናቱ ለእማማ ሎቲ ላምባ ሊወስድ መጣ። ብርጭቆውን በጥፍሩ መታ መታ አደረገው።

«ይሄ ነገር ያንቺን ልብ ነው የሚለካው ወይስ የባሕሩን?»

«የባሕሩን። ያንተን አፍ የሚለካ ግን አልተሠራም» አልኩት።

ሳቀ፤ ላምባውን ይዞ ሄደ። ጥሩ መልስ ነበር። ለምን እስካሁን እየታወሰኝ እንደሆነ ግን አላውቅም።

የኢና እግር አብጧል። ድስት ላይ ቆማ ሩዝና አተር ልትሠራ ስትል አስቀመጥኳት።

«ምነው ቨርና? እኔ እንቁላል ነኝ?»

«እንቁላልስ በደርዘን አለኝ፤ አንቺ አንድ ነሽ» አልኳት።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 1

ራዲዮኑ ሌላ ስም ተናገረ። ኔቲ። ከደቡብ ምሥራቅ፣ ቀስ ብላ ትመጣለች። ብርጭቆው ጠዋት ወረደ፣ ከሰዓት ተመለሰ፣ ማታ ወረደ።

ዛሬ ማንም ስለ መሻገር አልጠየቀኝም። እኔም አላነሣሁም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 2

አስቤበት ወሰንኩ። በደንብ አስቤ። የፖስታ መርከቧ ዓርብ ጠዋት ትመጣለች፤ ትልቅ ናት፤ ሞተር አላት። ኔቲ ብትመጣ ቅዳሜ ነው። እንግዲያ ሚስ ኢዲት ዛሬ ማንግሮቩ ውስጥ ትታሰር፤ ቤተሰቡ ዓርብ በመርከቧ ይሂድ። ጀልባዋ ትተርፋለች፣ ሰውም ይተርፋል። ባለፈው የጎደለው ይህ ነበር። ማንም ምንም የሚለው አይኖርም። ማለቴ፣ ማንም ምንም የሚጎዳበት አይኖርም።

አባባ ሌቪን ስነግራቸው ሁለት እጄን ያዙ። በዚህ ቤት አሥራ አምስት ዓመት ኖሬአለሁ፤ እጄን ይዘውኝ አያውቁም።

ከሰዓት በኋላ ገባን። ከደሴቷ ጀርባ ያለው የማንግሮቭ ቦይ ጠባብ ነው፤ ዛፎቹ ሥሮቻቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ግራና ቀኝ እንደ ግድግዳ ይይዙታል፤ ማዕበል አይደርስበትም። ሥርዓቱ የታወቀ ነው፤ ትልቋ ጀልባ ቀድማ ትገባለች፣ ከመጨረሻው ጥልቅ ኩሬ ላይ ትታሰራለች፤ ከዚያ በመጠን እየተከታተሉ ይገባሉ፤ ትንሿ የቦዩ አፍ ላይ ትቀራለች። የእያንዳንዷ ገመድ ከግራም ከቀኝም ዛፍ ላይ ይታሰራል፤ በቀደመችው ገመድ ላይ እየተሻገረ። ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። ሚስ ኢዲት የመጀመሪያዋ፣ የሩበን የመጨረሻዋ። ሲያልቅ ቦዩ የሸረሪት ድር መሰለ፤ አባባ ሌቪ በየቋጠሮው ላይ እጃቸውን እያሳረፉ አለፉ፤ ወጣቶቹም ሳይቀሩ «አባባ፣ የኔስ ደህና ነው?» እያሉ ይጠይቋቸው ነበር። ሦስት ጥቅል ወፍራም ገመድ ሸጥኩ።

ስንመለስ ሩበን ጎን ለጎን መጣ።

«አሁን ገና የዚህ ደሴት ሰው ሆንሽ» አለኝ።

እኔ እዚህ ነው የተወለድኩት።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 3

መስኮቶቹን ኮምፔንሳቶ መታን። ኮራ መሰላል ላይ፣ እኔ ከታች። ሚስማር በአፏ ይዛ ታወራለች፤ ለመቶኛ ጊዜ ተቆጣኋት። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጥቅል አዘጋጅቻለሁ፤ የኢና የሕፃን ልብስ ከላይ፣ የአባባ ሌቪ መጥረቢያ ከታች። ያለ መጥረቢያቸው አይሄዱም። «ማን ይሰርቅዎታል?» ብላቸው «ባሕሩ» አሉኝ።

ሁሉም ተሰናድቷል። እውነቴን ነው፣ እንደዚህ የተሰናዳ ቤት አይቼ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 4፣ ማታ

ብርጭቆው መውረዱን አላቆመም። እጄን ግድግዳው ላይ አድርጌ አየሁት፤ መርፌው እያየሁት ወረደ።

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የዋና ከተማችን የናሶ ራዲዮ ለደሴቶች የሚያስተላልፈውን መልእክት አነበበ። ካፒቴኑ ነፋሱን ፈርቶ አይነሣም። የፖስታ መርከቧ አትመጣም።

ሱቅ ውስጥ የነበሩት ሁሉ እኔን አዩኝ። እኔ የተሰነጠቀውን እንቁላል ከሌላው ለየሁ።

ዛሬ የማውቀውን ልጻፈው። በደሴቷ ላይ ሸራ የምትዘረጋ ጀልባ ሁሉ ማንግሮቩ ውስጥ ነች። ሚስ ኢዲት ከሁሉ ጥልቁ ላይ ናት። እሷን ለማውጣት አሥራ ስምንት ጀልባ መፍታት ያስፈልጋል። ራዲዮኑ ኔቲ ነገ ሌሊት ትደርሳለች አለ። ኢና ሁለተኛ ጊዜ ተነሥታ ወገቧን ይዛ ስትዞር ሰማሁ።

ማክሰኞ ዕለት የጻፍኩትን አሁን አነበብኩት። «አስቤበት ወሰንኩ» ይላል። ያሰብኩት ስለ ሩበን አፍ ነበር። ሰኞ ቀን ብሻገር ኖሮ ሳቅ እንጂ ሌላ አይመጣብኝም ነበር። ሳቁን ፈርቼ ጀልባዬን አሰርኩ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 5፣ ሊነጋ ሲል

ነፋሱ ከምሥራቅ። ገና ይነፍሳል እንጂ አልበረታም። እስከ ቀትር ጊዜ ካለን ይበቃል። ወደ ሩበን ቤት ልሄድ ነው። ኮራን «ጥቅሎቹን በር ላይ አውጪ» ብያታለሁ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 7፣ በርንት ሂል፣ ትምህርት ቤት

ነፋሱ ሄዷል። ዛሬ ለመጻፍ ጊዜ አለኝ፤ ወረቀቱ ረጥቧል እንጂ።

ዓርብ ሩበንን ግቢው ውስጥ የእናቱን መስኮት በኮምፔንሳቶ ሲመታ አገኘሁት። ሰላምታ አላስቀደምኩም።

«ሩበን፣ ተሳስቻለሁ። ሰኞ መሻገር ነበረብን። ጀልባዬን ማውጣት አለብኝ፤ ያንተ ደግሞ አፉ ላይ ናት። ፍታልኝ።»

መዶሻውን አወረደ። የሚስቅ መስሎኝ ቆምኩ። አልሳቀም፤ ወደ ባሕሩ አየ፣ ወደ በረንዳው አየ። እማማ ሎቲ ጥቁር የእሑድ ባርኔጣቸውን አድርገው ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል።

«ከማታ ጀምራ እንዲህ ነች» አለኝ ቀስ ብሎ። «የፖስታ መርከቧን እየጠበቀች። አትመጣም ስላት አልሰማችኝም።»

«እሰማለሁ» አሉ እማማ ሎቲ። «የምጠብቀው ሚስ ኢዲት እስክትነሣ ነው። ይህን ያህል ጊዜ ምን አደረጋችሁ?»

ሩበን ፊቱን በእጁ ጠረገ። «እኔ የራሴን እፈታለሁ» አለኝ። «የሌላውን ግን ራስሽ ጠይቂ። አንቺ ጥሪያቸው፣ አንቺ ንገሪያቸው።»

አሥራ ሰባት ቤት ቀረኝ። በየበሩ ያንኑ ነገር ተናገርኩ፤ ተሳስቻለሁ፣ መሻገር አለብን፣ ገመዳችሁን ፍቱ። የመጀመሪያው ቤት፣ «ያለፈውም ጊዜ እንዲህ ብለሽ ነበር» አለኝ። «ብያለሁ። ያለፈው ጊዜ ብርጭቆው እስከዚህ አልወረደም፤ መጥተህ እየው» አልኩት። አንዳንዱ መጥቶ አየ። አንዳንዱ ፊቴን አይቶ ገመድ መፍቻውን አነሣ። አንዷ ሴት በሯን ዘጋችብኝ፤ ከዚያ ከነልጆቿ በጓሮ በር ወጣች።

ከዘጠነኛው ቤት ጀምሮ ከኋላዬ የሚራመድ ሰው ሰማሁ። አሥረኛው በር ሲከፈት እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ሩበን፣ «ተሳስተናል፤ ሰኞ መሄድ ነበረብን፤ ና ገመድህን ፍታ» አለ።

ተሳስተናል አለ። እንዲያ ይላል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። ከዚያ በኋላ ባለው ቤት ሁሉ የተናገረው እሱ ነው፤ እኔ በር እያንኳኳሁ አለፍኩ።

ማንግሮቩ ጋ ስንደርስ ሌላ ነገር ገጠመን። ሦስት ቀን ውሃ የጠጣ ገመድ አብጧል። ቋጠሮው ድንጋይ ሆኗል። ስድስት ወንዶች በአንዱ ቋጠሮ ላይ ጥፍራቸውን ሰበሩ፤ ሩብ ሰዓት ፈጀ። ቀሪው ሠላሳ ምናምን ቋጠሮ ነው። አሰብኩት፤ እስከ ማታ አያልቅም። ማንም ግን «እንቁረጠው» ሊል አልደፈረም። በዶቭ ኬይ የሌላ ሰው ጀልባ የያዘ ገመድ አይቆረጥም። የቆረጠ ሰው ልጆቹ እንኳ ሲታሙበት ይኖራሉ።

አባባ ሌቪ በኮራ ትከሻ ተደግፈው ጭቃውን እየረገጡ መጡ። ጎንበስ ብለው አንዱን ቋጠሮ ዳበሱት። ጥቅላቸውን ከፍተው መጥረቢያቸውን አወጡ።

«አባባ፣ አይሆንም» አላቸው አንዱ።

«ይህን ቋጠሮ ለአባትህ ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አሉት። «እኔ አሰርኩ፣ እኔ እቆርጣለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ነጋዴ አይደለሽም እንዴ? ገመድ አትሸጪም?»

«እሸጣለሁ አባባ።»

«እንግዲያ ገመድ ይገኛል።»

«የተቆረጠውን ሁሉ እኔ እተካለሁ» አልኩ ጮክ ብዬ፤ ሁሉም እንዲሰማ። «በክንድ ቆጥሬ።»

መጥረቢያውን አነሡ፤ የመጀመሪያው የተቆረጠው የሩበን ገመድ ነው። ሩበን ዓይኑን ጨፈነ፤ ሲገልጠው ግን፣ «ቀጣዩን እኔ እይዝልዎታለሁ፣ ይምቱ» አለ።

ከቀትር በፊት ሰባቱ ትልልቆች ወጡ። ትንንሾቹ አሥራ ሁለቱ ባሕሩን አይችሉትም፤ የሩበንም ጭምር። በቀረው ቁራጭ ገመድ እንደነገሩ መልሰን አሰርናቸው። ሩበን ለራሱ ጀልባ የተረፈውን አጭሩን ገመድ ወሰደ፤ ረጅሙን ለጎረቤቱ ሰጠ። አየሁት፤ ማየቴን ግን አላወቀም።

ሰባ ሦስት ሰው ተጫነ። ሁሉም። በስም እየጠራሁ ቆጠርኩ፤ ማንም አልቀረም። እማማ ሎቲ ከነባርኔጣቸው ኢና አጠገብ።

የሚስ ኢዲትን መሪ አባባ ሌቪ ያዙ። በባሕሩ ዓለቶች መካከል ያለውን መተላለፊያ በእንደዚያ ውሃ ውስጥ የሚያውቅ ሌላ የለም። በደንብ ማየት ስለማይችሉ ኮራ ከፊት ቆማ የሚመጣውን ሞገድ ትነግራቸዋለች፤ «ከግራ፣ አባባ! አሁን! ትልቅ ነው፣ ቆይ፣ ቆይ፣ አሁን!» ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ሌሎቹ ስድስት ጀልባዎች የእኛን ሸራ እየተከተሉ መጡ። ነፋሱ ከኋላችን ነበር። አራት ሰዓት የሚወስደው በሁለት ሰዓት ተኩል አለቀ። አዲሱ ሳንቃ ጠብታ አላስገባም። ውሃ የምቀዳበት ባልዲ ጉልበቴ ላይ ደርቆ ቀረ። ጻፍኩት፤ ጠብታ አላስገባም።

በርንት ሂል መድረክ ላይ ሲወርዱ አባባ ሌቪ መቆም አቅቷቸው ተቀመጡ። ሩበን ተሸክሟቸው ኮረብታውን ወጣ። በጀርባው ላይ ሆነው፣ «ቀስ በል፣ እኔ ሎብስተር አይደለሁም» ሲሉት ሰማሁ።

ኔቲ ሌሊቱን ገባች። ስለ እሷ የምጽፈው የለኝም። ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ ቆመ። ኢና ጭንቅላቷን እግሬ ላይ አድርጋ ተኛች፤ እግሬ እስኪደነዝዝ አልተነቃነቅሁም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 9፣ ዶቭ ኬይ

ባሕሩ በምሥራቅ ገብቶ በምዕራብ ወጥቷል፤ አባባ ሌቪ በልጅነታቸው እንዳዩት። የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ አለ፤ ቤተ ክርስቲያኑ የለም። ከቤቶች ሰባት ቆመዋል። ማንም የሚፈልገው ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም አብረን ነው የመጣነው። ቆመን ስናይ ያ ነው የገባኝ። ሰባ ሦስት ሰው በባዶ ደሴት ላይ ቆሞ እርስ በርሱ ይቆጥራል፤ አንድም አይጎድልም።

ሱቁ የለም። ባንኮኒው ግን ወለሉ ላይ ተተክሎ ቆሟል፤ ያባቴ ሥራ ነው። ኮራ ብርጭቆውን አሸዋ ውስጥ አገኘችው። መስተዋቱ ተሰብሯል፤ መርፌው ከታች ከሁሉ ዝቅተኛው ላይ ቆሞ ቀርቷል። ሩበን አንሥቶ ተመለከተው።

«በመጨረሻ አንድ ቦታ ረጋ» አለ።

ከማንግሮቩ ትንንሽ ጀልባዎች ውስጥ ስምንቱ ተርፈዋል። የሩበን ከጠፉት አንዷ ናት። የአፉን ጥበቃ የያዘችው እሷ ነበረች፤ ገመዷም አጭር ነበር። ቆሞ ባዶውን ውሃ አየ። አጠገቡ ቆምኩ። ፊቱን አየሁት።

«ምን ታዪኛለሽ?» አለኝ። «እትዬ ሽሽት፣ እናቴ ዛሬ ጠዋት ቁርስ አልጣፈጠኝም ብላ ተቆጥታኛለች። ሰምተሻል? ቁርስ አልጣፈጠኝም አለች።» ይህን ብሎ ሳቀ፤ ዓይኑ ግን ቀልቶ ነበር።

ስሙን ደግሞ ጠራው። በዚህ ጊዜ አልከፋኝም። መቃብሬ ላይ ቢጽፉትም ግድ የለኝም።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 11

ባንኮኒው ላይ ሱቅ ከፈትኩ፤ ግድግዳ የለም፣ ጣሪያ የለም። የጠዋት ቆጠራ፦ ዱቄት አንድ ጆንያ፣ ግማሹ ጭቃ። የታሸገ ምግብ አርባ ሁለት ቆርቆሮ፤ ወረቀቱ ታጥቦ ስለሄደ የቱ የቱ እንደሆነ አይታወቅም። ሚስማር አንድ ሣጥን፣ ዝጓል ግን ይመታል። ገመድ፦ የለም። ቤት ውስጥ ሰው፦ አራት። ኢና እስካሁን አልወለደችም፤ ሰው ሁሉ እየመጣ ይጠይቃታል፤ «ስወልድ ደወል እደውላለሁ፣ ሂዱ» ትላቸዋለች። ደወሉም ባሕር ውስጥ ነው።

አባባ ሌቪ ከወደቁት ቤቶች ሳንቃ እየመረጡ ከፀሐይ ወደ ጥላ ያዛውራሉ። ኮራ በክንዷ እየለካች ትነግራቸዋለች። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ሩበን ቁመቱ ረጅም ነው» አሉኝ፤ «ያለፈችው ጀልባው አጥራበት ነበር።»

ለኤርቪን ደብዳቤ ጻፍኩ። ሱቁ እንደሄደ ጻፍኩ። እንደተሳሳትኩም ጻፍኩ፤ እሱ ተሳስተሽ አታውቂም ብሎኝ ስለነበር ማወቅ አለበት። ልጅህ ሞገዱን እያነበበች ሰባት ጀልባ አሻገረች ብዬ ደግሞ ጻፍኩ፤ ይህን ሁለት ጊዜ ጻፍኩት፣ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ።

ነገ፦ ነፋሱ ከፈቀደ በሚስ ኢዲት ወደ በርንት ሂል። ወፍራም ገመድ፣ ለእያንዳንዱ ጀልባ አሥራ ሁለት ክንድ በግራ፣ አሥራ ሁለት በቀኝ። የአሥራ ዘጠኝ ጀልባ። የጠፉትን አራቱን፣ የሩበንንም ጨምሬ ነው የቆጠርኩት።